የአማቴን አባት ያሰጠምኩ ዕለት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አማቴ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ስሜ ጊስላን ነው። አስቸጋሪ ስም አይደለም፤ ቄሱም፣ ዓሣ ሻጯም፣ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ያውቀዋል። እማማ ዜፊሪን ግን «ሰሜነኛው» ነው የሚሉኝ። «ሰሜነኛው ዳቦ ያቀብለኝ።» «ሰሜነኛው ዛሬም ጀርባውን አመመው?» እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ እኮ ነው! ጥፋቴ በሰሜን ፈረንሳይ፣ ሊል በምትባል ከተማ መወለዴ ነው። ሊል ዝናብ ይበዛል፣ ወጡም በቅቤ ነው የሚሠራው። እኛ የምንኖርበት የደቡቡ ከተማ ኦባኝ ደግሞ ፀሐይና የወይራ ዘይት ነው። ለእሳቸው በቅቤ ያደገ ሰው ገና ያልበሰለ ሰው ነው።

ይኼን ችዬዋለሁ። የማልችለው የግርግሙን ነገር ነበር። እዚህ አገር ለገና እያንዳንዱ ቤት ግርግም ይሠራል። በግርግሙ ውስጥ ሕፃኑና እናቱ ብቻ አይደሉም ያሉት፤ ዓሣ ሻጯ፣ ወፍጮኛው፣ ከንቲባው፣ ሰካራሙ፣ መንደሩ በሙሉ ጣት በምታክል የሸክላ ምስል ሆኖ ስጦታውን ተሸክሞ ወደ በረቱ ይጓዛል። ምስሎቹን ሳንቶን እንላቸዋለን። ሰው ዕድሜ ልኩን ሲሰበስባቸው ኖሮ ለልጆቹ ያወርሳቸዋል። በእማማ ዜፊሪን ቤት ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ በጋብቻ ወደ ቤተሰቡ ለገባ ሰው እሳቸው ራሳቸው አንድ ሳንቶን ገዝተው ግርግሙ ውስጥ ቦታ ይሰጡታል። የባለቤቴ የማጋሊ እህት ያገባችው ሰውዬ በሠርጉ ዓመት ወፍጮኛ ተገዛለት። የወንድሟ ሚስት ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ሆነች። እኔስ? «እስቲ የሚቆይ እንደሆነ እንይ» አሉ እማማ። ይኸው ቆየሁ። ሦስት ልጅ ወለድኩ፣ ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ስቆጣጠር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፣ ጠጉሬም ሄደ። ሳንቶን ግን የለም።

የሽማግሌ እልህ ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የሳንቶን ቀለም ቅብ ትምህርት ጀመርኩ። ክፉ አልነበርኩም። ከአሥራ ሁለት ተማሪ አራተኛ እሆናለሁ፤ ማጋሊ «ስድስተኛ» ትላለች። ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ እማማ ዜፊሪን በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሲፈቱት አወቅሁት፤ ባለባርኔጣው ነው። ካፖርቱን ነፋስ ወደ ኋላ ወስዶበት፣ በአንድ እጁ ባርኔጣውን ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰውዬ። የሠሩት የእማማ አባት ሲፍሬን ናቸው፤ በዘመናቸው ሳንቶን ሠሪ ነበሩ። የሠሩትም ራሳቸውን አስመስለው ነው። ፎቶግራፍ መነሣት አይወዱም ነበርና ከእሳቸው የቀረ መልክ ይኼው ብቻ ነው።

በየዓመቱ በቅድስት በርባራ ቀን፣ ዲሴምበር አራት፣ በሳህን ላይ ስንዴ ዘርተን ግርግሙን ስንዘረጋ መጀመሪያ የሚቀመጠው እሱ ነው። እማማ ይገለብጡትና ከሥሩ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ያደርጉታል። ትንሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፣ ከዚያ ድልድዩ ላይ ያቆሙታል። እኔ አቧራ የሚያዩ ነበር የሚመስለኝ።

«ቁም ሣጥኑ እርጥበት ገብቶት ቀለሙ ተላጠ» አሉ። «የኔ ዓይን አያይም። የሳንቶን ሠሪው የኦኖራ እጅ ይንቀጠቀጣል።» ከዚያ ወደ ማጋሊ ዞር አሉ። «ሌላ ሰው የለም?»

«የለም እማ» አለች ማጋሊ።

ተነፈሱ። «በል ሰሜነኛው፣ ልብሱን አድስለት። ፊቱን አጥራው። ሌላ ምንም እንዳትነካ። አባቴ ነው፣ ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ። በደስታ ልቤ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ይኼን ካሳመርኩ እማማ ዘንድሮ ሳንቶኔን ይገዙልኛል ብዬ አሰብኩ። የግርግሙን ቦታዬን ሳይቀር መረጥኩ፤ ከምንጩ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል።

የተማርነው ሥርዓት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፊትና እጅ ይቀባል፣ ከዚያ ነጣ ያለው ልብስ፣ ጠቆር ያለው ይከተላል። ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ስለሆነ አንድ ጊዜ ጫር አድርገህ እጅህን ትሰበስባለህ። እኔ ከካፖርቱ ጀመርኩ። ለምን? ካፖርቱ ስለሚያምር ነዋ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለኔ ነው። አንዴ ጫር፣ ሁለቴ ጫር ሳደርግ ከሥር የነበረው የጥንቱ ቀለም ውሃ ሲነካው ተነሣና ከአዲሱ ጋር ተቦካ። ላጥራው ብዬ ባሸሁት ቁጥር ባሰበት። ቡናማው ወደ አንገት ወጣ፣ ከአንገት ወደ አገጭ ተሻገረ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የእማማ ዜፊሪን አባት የድስት ቂጥ መሰሉ።

እሺ፣ አትደንግጥ አልኩ ለራሴ። ክፍል ውስጥ ቀለም ሲበላሽብን ምን እናደርጋለን? ለብ ባለ ውሃ እንዘፈዝፈዋለን፣ ቀለሙ ይለቃል፣ እንደ አዲስ እንጀምራለን። የሾርባ ጎድጓዳ ሳህን አወጣሁ፣ ውሃ ሞላሁ፣ ባለባርኔጣውን ቀስ ብዬ አስተኛሁት። ልክ ያኔ ማጋሊ ስልክ ደወለች፣ ደረቅ ዓሣ ግዛ አለችኝ። ወጣሁ። አደባባዩ ላይ ጎረቤቶቼ የብረት ኳስ እየወረወሩ ሲጫወቱ አንድ ሰው ጎድሏቸው ነበር። አንድ ዙር ብቻ ብዬ ገባሁ፣ አሸነፍኩ፣ ያሸነፈ ጥሎ አይሄድምና ደገምኩ።

ስመለስ ሳህኑ ውስጥ ሰው የለም።

ቡናማ ውሃ አለ፤ ከሥሩ ጭቃ አለ። ከጭቃው ላይ የባርኔጣ ጫፍ ብቅ ብሏል። እያየሁት እሱም ቀስ ብሎ ሰመጠ።

ጮህኩ መሰለኝ፤ ድመቷ ከወንበር ዘላ ወረደች። ይኼ እንዴት ይሆናል? ሸክላ በውሃ ይሟሟል እንዴ? የኛዎቹ እኮ አንድ ሌሊት ቢዘፈዘፉም ምንም አይሆኑም! ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጊስላን፣ አለቀልህ አልኩ። ባቡር ይዘህ ሊል ግባ፤ ትኬትህን ማንም አይቆጣጠርህም።

ሊል መግባቱን ተውኩና ሳህኑን በፎጣ ሸፍኜ ወደ ጋሼ ኦኖራ ሮጥኩ። ጋሼ ኦኖራ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሳንቶን ሠሪ ናቸው። በልጅነታቸው ሥራውን የተማሩት ከራሳቸው ከሲፍሬን ነው። መንገድ ላይ ዓሣ ሻጯ አስቆመችኝ።

«ምን ይዘህ ነው እንዲህ የምትጠነቀቀው? ሾርባ ነው?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኳትና አለፍኩ።

ጋሼ ኦኖራ ፎጣውን ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ።

«ይኼ ማነው?»

«ሲፍሬን ናቸው።»

«ውሃ ውስጥ ከተትከው? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ጥሬ ሸክላ ነው እኮ! ያን ጊዜ ማን በእሳት ያቃጥል ነበር? በፀሐይ አድርቀው ነበር የሚቀቡት!»

«ማን ነግሮኝ!»

«እኔ ልንገርህ? ማን ይጠረጥራል!» ካሉ በኋላ ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ ሳቃቸው ፈነዳ። ሆዳቸውን ይዘው አንድ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «አሰጠምከው! መዋኘት የማይችለውን ሰው! ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ! ዜፊሪን ትገድልሃለች!»

«ጋሼ፣ በናትዎ አይሳቁ። የሚድኑበት መንገድ የለም?»

እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ሳህኑን ተቀብለው መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። «ከዚህ ውሃ አንዲት ጠብታ እንዳትደፋ» አሉ። «ጭቃው እስኪዘቅጥ እንጠብቃለን። ሱቄ ሙሉ ጭቃ አለኝ፤ ግን ከኔ ጭቃ ቁንጣሪ ከጨመርንበት ሲፍሬን መሆኑ ይቀራል። ሲፍሬን ባለባርኔጣውን የሠሩበት ቅርጽ ማውጫ እዚያ ላይ አለ።» ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጠቆሙ። «ሱቃቸው ሲዘጋ ዜፊሪን ናት የሰጠችኝ። ውጣና አውርደው፤ እሱን ደግሞ ጣለውና ጨርሰን!»

ሦስት ቀን ጠበቅን። ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ የቀረውን ውሃ ከነቀለሙ ቀስ ብለን አንቆረቆርነው። ጭቃውን በጀሶ ጠፍጣፋ ላይ ዘርግተን እንደ ሊጥ እስኪጨበጥ ድረስ አደረቅነው። ቅርጽ ማውጫውም ጀሶ ነው፤ የፊትና የኋላ ሁለት ግማሽ አለው። የጋሼ ኦኖራ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ጭቃውን ወደ ውስጡ የምጠቀጥቀው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ስንከፍተው ባርኔጣው ጀሶው ውስጥ ቀረ።

«ባርኔጣውን ነፋስ ወሰደው» አሉ ጋሼ ኦኖራ። «ድገመው።»

አቡክቼ ደገምኩት። ካፖርቱ ከወገቡ ተሰነጠቀ። ጀሶውን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም፤ ለአንድ ጣት ጭቃ ስል ስድሳ ሦስት ዓመቴ ላይ የማላውቀውን ስድብ ሁሉ ተሳደብኩ። ጋሼ ኦኖራ ዝም ብለው ሰሙኝና «ጨረስክ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲህ ድገመው። አሁን አትፍራው። ከሥር በአውራ ጣትህ ደህና አድርገህ ግፋው። እዚህ ጋ። በርታ!»

ገፋሁ። ስንከፍተው ሰውዬው ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ባርኔጣው እጁ ላይ፣ ካፖርቱ ነፋስ ላይ። ጋሼ ኦኖራ ቆባቸውን አወለቁለት። ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ደረቀ። እሳት አላስነካነውም፤ ሲፍሬን እሳት አያውቁም ነበር።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። የካፖርቱ ቀለም ምን ነበር? ቀለሙን ውሃ በላው። ማጋሊን ስጠይቃት (ለሷ ሁሉን ነግሬያት ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም፣ በማግስቱ ትራስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ስትስቅ ያዝኳት) አረንጓዴ ነው አለች። ጋሼ ኦኖራ ሰማያዊ ነው ብለው ማሉ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳየው ኖሬ አላስታውስም፤ እጄ ላይ ሲደርስ እርጥበቱ ቡናማ አድርጎት ነበር፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የማየው ግርግሙ ውስጥ የጎደለኝን የራሴን ቦታ ነበር።

ዓርብ ዕለት እማማ ዘንድ ምሳ ነበርን። ዓሣ፣ የተቀቀለ ድንችና በዘይት የተመታ ነጭ ሽንኩርት። እንደ ዋዛ ጣል አደረግኳት።

«እማማ፣ የአባትዎ ካፖርት… የእውነተኛው ማለቴ ነው… ቀለሙ ምን ነበር?»

«ምነው? ፊትህ ተቀምጦ የለም እንዴ?»

ማጋሊ ድንች ትን አላት።

«አለ፣ አለ! ግን ከእውነተኛው ጋር ላስተያየው ብዬ ነው።»

እማማ ሹካቸውን አስቀመጡ። «የደረሰ ወይራ» አሉ። «ጥላ ላይ ጥቁር ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው ወይን ጠጅ። እጅጌው ላይ ሁልጊዜ ጀሶ አይጠፋም፤ እናቴ በሱ ስትጨቃጨቅ ነው የኖረችው። ለሚስትህ ውሃ ስጣት።»

ይኼን ሰምቼ ቤት ገባሁና ብሩሼን አነሣሁ። በሥርዓቱ፣ ፊት መጀመሪያ። እጅ፣ ሸሚዝ፣ ሱሪ። ካፖርቱ የደረሰ ወይራ። አንድ ጊዜ ጫር፣ እጅ መሰብሰብ። እጅጌው ላይ ነጭ ጠብ አደረግሁ። ዓይኑ ላይ ስደርስ ግን ጉድ ፈላ። የሳንቶን ዓይን ሁለት ነጥብ ነው፤ በመርፌ ጫፍ ነው የሚነካው። ግራው ልክ ሆነ፤ ቀኙን ስነካ ድመቷ እግሬ ሥር ገባች። ሲፍሬን በአንድ ዓይናቸው በምዕራብ ማርሴይን፣ በሌላው በምሥራቅ ቱሎንን ያዩ ጀመር። ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ሁሉ መዓት በኋላ ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ነጥቡን በደረቅ ብሩሽ ጫፍ አንሥቼ፣ ድመቷን አስወጥቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ደገምኩት። ሁለቱም ዓይን መንገዱን አየ።

የቅድስት በርባራ ቀን ቤተሰቡ በሙሉ እማማ ቤት ተሰበሰበ። ጋሼ ኦኖራም ተጠርተው መጡ፤ እኔን ላለማየት ጣራ ጣራውን ያያሉ። ልንገራቸው ወስኜ ነበር። ማታውን ከማጋሊ ጋር ተነጋግረንበታል፤ ከገና በኋላ ይሁን ተባብለናል። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ባለባርኔጣውን በመሐረቡ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። ፊቱን አዩ። ካፖርቱን በጥፍራቸው ዳበስ አደረጉ።

«ጀሶውን እንኳ አልረሳም» አሉ ለማጋሊ እህት። «ሰሜነኛው እጅ አለው ለካ።»

ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ገለበጡት። አውራ ጣታቸውን ከሥሩ አስገቡ፣ እንደ ወትሮው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ገለጡት።

«ይኼ የማን ጣት ነው?»



«ልጅ ሆኜ አባቴ ጣቱ ያረፈበት ጎድጓዳ ውስጥ የኔ ጣት ይጠፋ ነበር። ሰፊ ነበር ጣቱ። በየዓመቱ እዚያ ነው የማገኘው። ይኼ ጠባብ ነው። ይኼ ትኬት የሚበሳ ሰው ጣት ነው!»

አቧራ አልነበረም ለካ የሚያዩት። ያኔ ገባኝ። ሌላውን ሁሉ መልሻለሁ፤ ያንን ግን አልመለስኩም፣ ልመልሰውም አልችልም። ሁሉን አፈረጥኩት፤ ሳህኑን፣ ደረቁን ዓሣ፣ የብረት ኳሱን፣ የሰመጠውን ባርኔጣ። «ይቅር ይበሉኝ እማማ። የአባትዎን ጣት አጠፋሁት። ሳላውቅ ነው። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

እማማ ዜፊሪን ምስሉን በሁለት እጃቸው ያዙት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«ጭቃውስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ያው ነው! አንዲት ቁንጣሪ አልጨመርንም። ጋሼ ኦኖራ ምስክሬ ናቸው።»

«እኔ ምስክር ነኝ» አሉ ጋሼ ኦኖራ። «ከጭቃው ቁንጣሪ አልጠፋም።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባቴ ጭቃ ሲያቦካ በአውራ ጣቱ ብቻ አልነበረም» አሉ። «በሙሉ እጁ ነው። እስከ ክርኑ።» ምስሉን አገላብጠው አዩት፣ አፋቸውም በአንድ በኩል ሽቅብ ተሳበ። «ስንት ዘመን ነፋስ ያልጣለውን ሰው፣ ሰሜነኛ በሾርባ ሳህን አሰጠመው!»

የመጀመሪያው የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የጋሼ ኦኖራ ሳቅ ግን ከሁሉ ጎልቶ ይሰማ ነበር። እማማም ጠረጴዛውን ተደግፈው ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ወደኔ ዞሩ።

«በየዓመቱ የሳንቶን ገበያ በወጣ ቁጥር ላንተ የሚሆን ስፈልግ ነው የኖርኩት» አሉኝ። «ወፍጮኛ አይደለህ፣ ዓሣ አጥማጅ አይደለህ። ሰካራሙን ልገዛ ነበር፣ አንተ ደግሞ ሁለት መለኪያ አትችልም። የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ሠርቶ የሚሸጥ አጣሁ። ከዚያ ለመናገር አፈርኩ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት?»

«አንተስ ሠላሳ አንድ ዓመት አፍ የለህም?» ባለባርኔጣውን ወስደው ድልድዩ ላይ አቆሙት። «ከእንግዲህ ሌላ ሳንቶን አልፈልግልህም። ጣትህ ከአባቴ እግር ሥር ነው። ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አገኝልሃለሁ?»

ማጋሊ እጄን ያዘችኝ።

«በሉ አሁን ቆማችሁ አትቅሩ፣ ስንዴው ይዘራ» አሉ እማማ። «ጊስላን፣ ሳህኖቹን አምጣ።»

እኔ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ፣ ሳህኖቹ ግን አልታዩኝም፤ ዓይኔ ደፍርሶ ነበር፤ በዳበሳ ነው ያነሣኋቸው። ስንዴው የሚበቅልበትን ጥጥ ሳህኖቹ ላይ ዘረጋሁ፣ ስንዴውን በተንኩ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ።

«ጊስላን!» አሉ እማማ ከወዲያኛው ክፍል። «አደራ፣ ውሃ እንዳታበዛበት!»